የደሴ የጭቃ ቤት መራጊዎች፦ ምን ላይ ይታመናሉ፣ ምን ላይ አይታመኑም

በደሴ የቆዩ የጭቃ ቤቶችን የሚያድሱ መራጊዎች ትልቁ ብቃታቸው ጭቃው ላይ ነው። ዋልካ አፈር ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ቀይ አፈር ይመርጣሉ፤ የጤፍ ጭድ ጨምረው፣ እያራሱና በእግር እየረገጡ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ያበስሉታል። የበሰለ ጭቃ ይከረፋል፤ ጭዱም ለስልሶ ሲሳብ በቀላሉ ይበጠሳል። ሳይበስል የተመረገ ግድግዳ አይበረክትም።

የመጀመሪያውን ምርጊት ማገሩ ውስጥ ጠቅጥቀው ያስገቡና በደንብ እስኪደርቅ ይተውታል፤ ስንጥቁ ሁሉ የሚወጣው ያኔ ነው። ሁለተኛው ምርጊት ስንጥቁን ይደፍናል። መጨረሻ ላይ በተነፋ አፈርና በደቀቀ ጭድ ይለስኑታል። እዚህ ላይ እጃቸው ይባረክ!

እንጨቱ ላይ ግን ቁጥጥር ያስፈልጋል። ምስጥ የበላውን የቋሚ እግር በጭቃ ሸፍነው ማለፍ ይቀናቸዋል። የበሰበሰው እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ተቆርጦ፣ አዲሱ እግር ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ እንዲያርፍ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ጣሪያው ሳይደገፍ ቋሚ አይቆረጥም።

በሲሚንቶ እንለስነው ካሏችሁ እምቢ በሉ። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይዋሃድም፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዝና ልስኑ እያበጠ ይረግፋል፣ ማገሩም ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ለውጭው ግድግዳ የኖራ ቅብ ይሻላል።

አሸንዳ አይሠሩም፤ ለብቻው ቆርቆሮ ሠራተኛ ፈልጉ። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ጭቃ ስለማያደርቅ ሥራውን ከመስቀል በኋላ አስጀምሩ።