ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፦ በአንድ ደም፣ በሁለት መንገድ

ሁለቱም በደም ይጓዛሉ፤ አካሄዳቸው ግን ለየቅል ነው። ኦክስጅን ፈሳሽ ውስጥ መሟሟት ብዙም አይሆንለትም። ስለዚህ 98 በመቶ ያህሉ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ባለው ሄሞግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ላይ ይሳፈራል። ባለ 4 ወንበር ታክሲ በሉት፤ ወንበሮቹ የብረት አተሞች ናቸው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወንበር አይሻማም። ጥቂቱ ሄሞግሎቢን ላይ ቢሳፈርም የሚይዘው የፕሮቲን ክፍሉን እንጂ ብረቱን አይደለም። 70 በመቶ ያህሉ ደግሞ መልኩን ይቀይራል! ቀይ ሴል ውስጥ ከውሃ ጋር ተዋህዶ ባይካርቦኔት ይሆንና አብዛኛው በፕላዝማ (በደሙ ፈሳሽ ክፍል) ይጓዛል። ሳንባ ሲደርስ እንደገና ጋዝ ሆኖ በትንፋሽ ውልቅ ይላል። እኔን የሚገርመኝ ይሄኛው ነው።

ደግሞ ይረዳዳሉ። ጡንቻ ሲሠራ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበዛል፣ የደሙ አሲድነት ከፍ ይላል፤ ያኔ ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን በቀላሉ ይለቃል።