በሌዘር የሚሳል የዲስክ ፊት ወይስ በቀለም የሚታተም? ለሰርግ ቪዲዮ ቀራጮች የቀረበ ንጽጽር

በዓለም ገና እና በሰበታ አካባቢ ሰርግና ክርስትና የሚቀርጹ የሙያ ባልደረቦቼ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ የዲቪዲውን ፊት በምን ማሳመር እንደሚሻል ነው። ፍላሽ የሚቀበል ደንበኛ ቢበዛም፣ ለወላጆችና ለሚዜዎች የሚታደለው አሁንም ዲስክ ነው፤ የሙሽሮቹ ስም ያልሰፈረበት ባዶ ዲስክ ደግሞ ቀሪ ክፍያ ላይ ክርክር ያስነሣል። በየወሩ ሰርግ የሚያስረክብ ሰው በቀለም የሚያትም ፕሪንተር ይግዛ፣ ሌዘሩን ይተወው ባይ ነኝ።

ላይትስክራይብ የተባለውን የሌዘር ዘዴ ያፈለቀው ኤችፒ ሲሆን ለሕዝብ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ዳታው ተጽፎ ሲያበቃ ዲስኩ ተገልብጦ ይገባል፤ ዳታውን የጻፈው ያው የኮምፒውተር ድራይቭ በ780 ናኖሜትር የሲዲ ሌዘሩ በዲስኩ ፊት ያለውን ልዩ ቅብ እያጠቆረ ፊደልና ፎቶ ያወጣል። ቀለም አይጨርስም፣ አይላላጥም፤ ጽሑፉም እጅግ የጠራ ነው። ይሁን እንጂ የሚያወጣው ሥዕል ባለ አንድ ቀለም ብቻ ስለሆነ፣ የሙሽራዋን ካባ በወርቅ ጥልፉ ማየት የፈለገች እናት ግራጫ ፎቶ ሲሰጣት አትደሰትም። ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ የተቀመጠ ዲስክም ሥዕሉ እየደበዘዘ ይሄዳል።

ዋናው ነገር ዋጋው ነው። ኤችፒ ዘዴውን ከተወው ዓመታት ስላለፉ፣ መርካቶ ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገኘው የላይትስክራይብ ዲስክ የተረፈ ዕቃ ነው፤ ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ የተራውን ዲስክ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይጠይቃል። ተራው 40 ብር ነው እንበል፤ ለአንድ ሰርግ 10 ቅጂ ሲታዘዝ በሌዘሩ ምክንያት ብቻ ከ400 እስከ 800 ብር ተጨማሪ ይወጣል። በዚያ ላይ ሙሉ ፊት በጥሩ ጥራት ለመሳል አንዱ ዲስክ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል፤ 10ሩ አራት ሰዓት ገደማ ኮምፒውተሩን ይይዛሉ ማለት ነው። መብራት በየጊዜው በሚቋረጥበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዲስኩ መሐል ያለው የመለያ ምልክት ድራይቩን የቱ ጋ እንዳለ ስለሚነግረው፣ የተቋረጠውን ሥዕል በዚያው ቦታ ላይ ደግሞ መሳል ይቻላል፤ የባከነው ጊዜ ግን አይመለስም። ያንኑ መለያ የሚያነበው ዐይን የፒስታ መንገድ አቧራ ሲሸፍነው፣ ፕሮግራሙ ዲስኩ ላይትስክራይብ አይደለም ብሎ ይመልሳል፤ ድራይቩ ተበላሸ ተብሎ ከመጣሉ በፊት መጽዳቱ ይታይ።

ከዚህ የከፋው ማታለሉ ነው። አንድ ባልደረባዬ ያገለገለ ድራይቭ በላይትስክራይብ ዋጋ ገዝቶ መጥቶ ስንፈታው፣ ምልክቱ ያለበት የፊት ክዳን ብቻ ተነቅሎ በተራ ድራይቭ ላይ የተገጠመ ሆኖ አገኘነው። ስለዚህ ገዢ ዲስኩን ይዞ ይሂድና ገንዘብ ሳይከፍል አንድ አጭር ስም አስስሎ ይይ፤ አንድ መስመር ጽሑፍ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈልገው። በዲስኩም ቢሆን ካርቶኑ ላይ የታተመውን ምልክት ማመን አይገባም፤ በመሐሉ ቀዳዳ ዙሪያ፣ በፊቱ በኩል፣ ጥቃቅን መስመሮች ከሌሉ ላይትስክራይብ አይደለም። የያማሃና የፉጂፊልም ሌብልፍላሽ ደግሞ የራሱን ዲስክና የራሱን ድራይቭ የሚጠይቅ ሌላ ዘዴ ስለሆነ፣ ሁለቱን ማቀላቀል ገንዘብ መጣል ነው።

በቀለም ወደሚታተመው ስንመጣ፣ ፊቱ ነጭ የሆነው ዲስክ ከተራው የሚበልጠው በጥቂት ብር ነው፤ ሥዕሉ ባለ ሙሉ ቀለም ነው፤ አንዱም በደቂቃዎች ያልቃል። ውዱ ፕሪንተሩ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ በየሱቁ የሚታየው ኤፕሰን ኤል 3250 ዲስክ ላይ አያትምም፤ ኤል 805 እና ኤል 8050 ግን የዲስክ ማስገቢያ ትሪ አላቸው። ያገለገለ ሲገዛ ትሪው አብሮ መኖሩ ይረጋገጥ፤ ትሪው ከጠፋ ለብቻው ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው። ሳይሠራ የከረመ ፕሪንተር ቀለሙ ደርቆ ቀለም የሚረጨውን ጭንቅላቱን ይደፍናል፣ የጭንቅላት ጥገና ደግሞ ከሁሉም ወጪ ይከብዳል፤ ስለዚህ ሥራ በሌለበት ሳምንትም አንድ ባለ ቀለም ገጽ ማተም ይጠቅማል። በርካሽ የሚሸጥ አስመስሎ የተሠራ ቀለም መግዛት ጭንቅላቱን አውቆ መድፈን ነው።

አስመሳይ ነጭ ዲስክም አለ። ታትሞ ከቆየ በኋላም ደረቅ ጣት ሲነካው ቀለሙ የሚላቀቅ ከሆነ ፊቱ ለማተሚያ የተዘጋጀ አይደለም፤ ስለዚህ ሙሉ ጥቅል ከመግዛት በፊት አንድ ፍሬ ወስዶ አትሞ፣ አድርቆ መሞከር ያዋጣል። አንዳንዱ ዲስክ የሚታተመው እስከ 23 ሚሊ ሜትር የውስጥ ክብ ድረስ ሲሆን፣ ሌላው 46 ላይ ይቆማል፤ ልኩ በፕሮግራሙ ካልተስተካከለ ቀለሙ በላስቲኩ ላይ ፈስሶ ትሪውን ያበላሻል።

የወረቀት ስቲከርን ለማንም አልመክርም፤ ከመሐል ትንሽ ከሳተ ዲስኩ ሲሽከረከር ይንቀጠቀጣል፣ በሙቀትም ተላጦ የመኪና ማጫወቻ ውስጥ ይቀረቀራል። ሌዘሩ የሚያዋጣው ድራይቩም ጥቂት ዲስኮችም ቀድሞ በእጁ ላሉት፣ በዓመት አንድ ሁለት የቤተሰብ ቅጂ ብቻ ለሚያዘጋጅ ሰው ነው፤ የሚደርቅበት ቀለም የለውምና። ዲስኩ ከቤት የማይወጣ ከሆነ ግን ለዲስክ የተሠራ ለስላሳ ጫፍ ያለው ማርከር ይበቃል፤ እስክሪብቶ ፊቱን ስለሚጭር ዳታውን ሊያበላሽ ይችላል።