የአኒሜሽን ስክሪፕት ለመማር፦ ሶፍትዌር ልግዛ፣ ኮርስ ልመዝገብ ወይስ ለሠዓሊ ልክፈል?

የአኒሜሽን ስክሪፕት መጻፍ ልማር ብሎ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው የሶፍትዌር ዋጋ ነው። እኔንም ያታለለኝ ይኸው ነው፤ ጥሩ ብዕር ከገዛሁ ጽሑፉ ይመጣል ያልኩ ይመስለኛል። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን ሶፍትዌሩ ትንሹ ጉዳይ ነው። እዚህ የማነጻጽረው ሦስት የገንዘብ ማውጫ መንገዶችን ነው፤ ለአንዱ እንደማዳላ ከወዲሁ ልናገር።

በመጀመሪያ ምን እንደምትማሩ ይታወቅ። በተዋናይ በሚሠራ ፊልም «አልማዝ ተናደደች» ብላችሁ ብትጽፉ ቀሪውን ተዋናይዋ ትጨርስላችኋለች። በአኒሜሽን ያቺን ንዴት ቁጭ ብሎ የሚስል ሰው አለ። ድስቱን ጓ አድርጋ ነው? ነጠላዋን መንጭቃ ነው? ወይስ ቅንድቧ ብቻ ነው የተነሳው? ያልጻፋችሁትን እሱ ይገምታል፣ ግምቱ ደግሞ ውድ ነው። አንድ ሴኮንድ 24 ፍሬም (ቋሚ ምስል) ስለሆነ የ11 ደቂቃ ክፍል 15,840 ፍሬም ይሆናል። አንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ቢያዝ እንኳ 7,920 ሥዕል ነው። ስለዚህ መቁረጥና ማሳጠር ያለባችሁ ወረቀት ላይ፣ ከዚያ ስቶሪቦርድ (ታሪኩ በተከታታይ ሥዕል የሚነደፍበት) ላይ፣ ቢዘገይ አኒማቲክ (የስቶሪቦርዱ ሥዕሎች በሰዓትና በድምፅ ተገጣጥመው የሚታዩበት ረቂቅ ቪዲዮ) ላይ ነው። የገጸ ባሕርያቱ ድምፅም አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረጸው ሥዕሉ ከመንቀሳቀሱ በፊት ነው። ይህን የማያስተምር ኮርስ «አኒሜሽን» የሚል ስም ቢለጠፍበትም ለእናንተ አይሆንም።

ሶፍትዌር

ፋይናል ድራፍት ሆሊውድ የለመደው የስክሪፕት መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ዋጋው ከ200 እስከ 250 ዶላር አካባቢ ሆኖ አንድ ጊዜ ይከፈላል። ፌድ ኢን 80 ዶላር ገደማ ነው፣ እሱም አንዴ ተከፍሎ ያበቃል፤ የመሞከሪያ ቅጂም አለው። ራይተርዱዌት በብራውዘር ይሠራል፣ ከጓደኛ ጋር አብሮ ለመጻፍ ይመቻል፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ስክሪፕቶች በነጻ ያስጽፋል።

ገንዘቡ የሚከፈለው ስለ ምን እንደሆነ እንይ። ፕሮግራሞቹ የገጸ ባሕርይ ስምንና የትዕይንት ርዕስን ለይተው በቦታቸው ያስቀምጣሉ፣ ገጽ ይቆጥራሉ። ቆጠራው «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» በሚለው ልማድ ላይ የቆመ ነው፤ ልማዱ ደግሞ በ12 ነጥብ ኩሪየር ፊደል ለተጻፈ እንግሊዝኛ የወጣ ነው። ኩሪየር የግዕዝ ፊደል የለውም። ኮምፒውተሩ በኒያላ ወይም በኤብሪማ ሲተካው መስመሩም ገጹም ይለወጣል፣ ሒሳቡ ይፈርሳል። በእንግሊዝኛም ቢሆን አኒሜሽን ድርጊቱ በዝርዝር ስለሚጻፍ የ11 ደቂቃ ስክሪፕት ብዙ ጊዜ ከ11 ገጽ ይበልጣል። በአማርኛ የሚያዋጣው ጮክ ብሎ እያነበቡ በስልክ ሰዓት መያዝ ነው። ይህ ደግሞ ገንዘብ አያስወጣም።

ነጻው አማራጭ ፋውንቴን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የአጻጻፍ ሥርዓት ነው፤ ማንኛውም ተራ የጽሑፍ ማስታወሻ ላይ ይሠራል። አንድ ጣጣ ግን አለው፤ የገጸ ባሕርይን ስም የሚለየው በካፒታል ሌተር መጻፉን አይቶ ነው። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም! መፍትሔው በሥርዓቱ ውስጥ አለ፦ ከስም በፊት የ@ ምልክት፣ ከትዕይንት ርዕስ በፊት አንዲት ነጥብ።

.የውስጥ - ጓዳ - ምሽት

ጥንቸል የምጣዱን አክንባሎ ከፍ አድርጎ ያጮልቃል። ባዶ ነው። ጆሮዎቹ ቀስ ብለው ይወድቃሉ።

@ጥንቸል
እንጀራው የት ገባ?

የትኛውንም ፕሮግራም ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን መስመሮች ጽፋችሁ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩ። ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከወጣ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ ያዙ።

ከሁሉም የማስበልጠው ግን የመጻፊያ ፕሮግራም ያልሆነውን፣ የስቶሪቦርድ መሥሪያውን ስቶሪቦርደርን ነው። ነጻ ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል፣ የፋውንቴንም የፋይናል ድራፍትም ፋይል ይከፍታል። ሥዕል አልችልም አትበሉ፤ በክብና በመስመር ሰው ሠርታችሁ ለእያንዳንዱ ሥዕል ሴኮንድ ስትሰጡት፣ ግማሽ ገጽ ወሬያችሁ ምንም የሚታይ ነገር እንደሌለው ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ኮርስ

በነጻ ከሚገኙት በካን አካዳሚ የትምህርት ድረ ገጽ ላይ ያለውን ፒክሳር ኢን ኤ ቦክስን የሚያህል አላየሁም። የታሪክ አተራረክ ክፍሉ ስለ ገጸ ባሕርይ፣ ስለ ታሪክ አወቃቀርና ስለ ሥዕላዊ ቋንቋ በአጫጭር ቪዲዮ ያስተምራል፣ መልመጃም አለው። የስክሪፕት ፎርማት ለብቻው ለመማር ግን ሌላ ቦታ መሄድ ያስፈልጋል፤ የጻፋችሁትንም የሚያርምላችሁ አስተማሪ የለም።

ተቀርጸው የሚሸጡት ላይ ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ የገዛሁት ኮርስ ርዕሱ አኒሜሽን ነበር፤ ውስጡ ግን ከአንድ ትምህርት በቀር ስለ ተራ ፊልም ነው። ማውጫው ላይ ስቶሪቦርድ፣ አኒማቲክና የድምፅ ቀረጻ መኖራቸውን ሳታዩ አትክፈሉ። እንደ ዩደሚ ባሉ ኮርስ የሚሸጡ ድረ ገጾች ደግሞ ቅናሽ ስለማይጠፋ ሙሉ ዋጋ መክፈል ሞኝነት ነው።

በቀጥታ የሚሰጡት ወርክሾፖች የተሻሉ ናቸው፣ ምክንያቱም ጽሑፋችሁ ይነበባል። እንቅፋቱ ሰዓት ነው። ካሊፎርኒያ ምሽት 1 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ በክረምታቸው ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ በበጋቸው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። ያን ጊዜ መብራት ቢሄድ ስምንት ሰው እየጠበቃችሁ ትምህርቱ ያልፋችኋል። ዋሽንግተን ላለ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ስለሆነ እንቅልፉን ካልወደደ ይችለዋል። ዓለም አቀፍ ክፍያ የሚያስተናግድ ካርድ ለሌለው ደግሞ ነገሩ ገና ከበሩ ይዘጋል።

ሠዓሊ

የማዳላው ለዚህኛው ነው። ከስክሪፕታችሁ ሁለት ገጽ ብቻ ምረጡና ስቶሪቦርድ እንዲያደርግላችሁ ለአንድ ሠዓሊ የአንድ ቀን ሥራ ክፈሉ። ምንም አታብራሩለት፤ ወረቀቱን ስጡትና አጠገቡ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። «ልጁ ወዴት ነው የሚያየው?» «በሩ በየት በኩል ነው?» «ሦስት መቶ ፍየል ነው ያልሽኝ ወይስ ሦስት?» እያለ ሲጠይቅ እያንዳንዱን ጥያቄ ጻፉ። በኮርስ ብዙ ሰዓት አዳምጬ ያልገባኝ በአንድ ከሰዓት በኋላ የገባኝ እንዲህ ነው። ጉድለቱ፣ ሠዓሊው ስለ ሴራና ስለ ገጸ ባሕርይ ብዙ ላይነግራችሁ ይችላል፤ ለዚያ የካን አካዳሚው ይበቃል።

እንግዲህ በአማርኛ የምትጽፉና ጀማሪ ከሆናችሁ ፋውንቴንን፣ ስቶሪቦርደርንና ነጻውን ኮርስ ይዛችሁ ያላችሁን ብር በሙሉ ለሠዓሊው አድርጉት። ከጓደኛ ጋር የምትጽፉ ከሆነ ራይተርዱዌትን ወይም ጎግል ዶክስን ጨምሩ። ፋይናል ድራፍትን የምመክረው በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ለውጭ ስቱዲዮ ልኮ፣ «የኤፍዲኤክስ ፋይሉን (የፋይናል ድራፍትን ፋይል ማለት ነው) ላክልን» የሚል መልስ ለደረሰው ሰው ብቻ ነው።