ሦስት ረቂቅ ፎቶግራፎች በድሬዳዋ ሳሎን፦ በጋውም ክረምቱም ካለፈባቸው በኋላ

ሦስቱም የተገዙት ባንድ ጊዜ ነው፤ ሦስቱም ረቂቅ ፎቶግራፎች ናቸው። ሰውም ቤትም አይታይባቸውም፤ ያለው ቀለም፣ መስመርና የገጽ ሸካራነት ነው። አንዱ የዛገ የባቡር ፉርጎ ቆርቆሮ በጣም ተቀርቦ የተነሣ፣ አንዱ ጀጎል ውስጥ የተላላጠ የኖራ ቅብ፣ አንዱ ደግሞ ጎርፍ ካለፈ በኋላ ከላይ ወደ ታች የታየ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነው። የሚለያዩት በታተሙበት ነገር ነው። ፉርጎው 60 በ90 ሴ.ሜ. ሆኖ በጥጥ ወረቀት ላይ በፒግመንት ቀለም ታትሞ፣ መስታወት ባለው የእንጨት ፍሬም ገብቷል። የኖራ ቅቡ 80 በ120 ሆኖ ሸራ ላይ ታትሞ ተወጥሯል። አሸዋው 50 በ75 ሆኖ አንጸባራቂ የፎቶ ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ላሚኔት ተደርጎ (በስስ ፕላስቲክ ተሸፍኖ)፣ ፎም ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።

የወረቀቱ ዛሬም እንደተሰቀለ ነው። ሸራው ላልቷል፣ ግን ይስተካከላል። የፎሙ ከግድግዳ ወርዷል። ድሬዳዋ ወይም ሐረር ተቀምጦ እንዲህ ያለ ሥራ ለቤቱ የሚገዛ ሰው በዋጋው ከመከራከሩ በፊት ምን ላይ፣ በምን ቀለም እና በምን ጀርባ እንደሚመጣለት ይጠይቅ። ምስሉ ጥሩ መሆኑ ሙቀቱን፣ አቧራውንና የዕጣን ጭሱን አያስቀርለትም።

ፎሙን ቶሎ እንጨርሰው። ግንቦት ሲገባ መሐሉ ወደ ፊት መጎበጥ ጀመረ፤ በሰኔ ላሚኔቱ ሥር የጥፍር ስፋት ያላቸው አረፋዎች ወጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፊቱ ላይ ወረቀት፣ ማጣበቂያና ፕላስቲክ ተደራርቧል፤ ጀርባው ራቁቱን ነው። ሁለቱ ወገኖች በሙቀትና በእርጥበት እኩል ስለማይለጠጡና ስለማይሰበሰቡ ሰሌዳው ወደ አንድ ወገን ይጎብጣል። ማጣበቂያውም ሙቀት ሲያለሰልሰው የታመቀው አየር ይሰበሰብና ያብጣል። ፎም ለአንድ ሳምንት ዐውደ ርእይ የተሠራ ነገር ነው፤ ለቤት የሚገዛ አይደለም። በምትኩ የማስታወቂያ ሠሪዎች ሁሉ የሚያውቁት 3 ሚ.ሜ. አሉኮቦንድ አለ። ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ፊት ከመሐል ፕላስቲክ ያለው ስለሆነ በሁለቱም ወገን እኩል ይንቀሳቀሳል፤ አይጎብጥም።

ሸራው የበለጠ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚመርጠው እሱን ነውና። መስታወት ስለሌለው አያንጸባርቅም፣ ቀላል ነው፣ ከአዲስ አበባ በቱቦ ተጠቅልሎ ይመጣል። ችግሩ የሚጀምረው ከመወጠሪያው እንጨት ነው። 80 በ120 የሆነ ሸራ ውፍረቱ 2 ሴ.ሜ. በሆነ እንጨት ከተወጠረ ረጅሙ ጎን ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ቢያንስ 3.5 ሴ.ሜ. ውፍረት እና መሐል ላይ አንድ መስቀለኛ ድጋፍ ያስፈልጋል። አራቱ ማዕዘኖች በሚስማር የተቆለፉ ሳይሆኑ ትንንሽ ሽብልቅ የሚገባባቸው ይሁኑ፤ ሸራው ሲላላ እያንዳንዱን ሽብልቅ በትንሽ መዶሻ አንድ ሁለቴ መታ ማድረግ ይበቃል። ከዚያ በላይ መምታት ማዕዘኑን ይቀድዳል።

ሌላው የጠርዙ ነገር ነው። ሸራ ሲወጠር በየጎኑ ከ4 እስከ 5 ሴ.ሜ. ወደ ጎንና ወደ ጀርባ ይታጠፋል። የቁም ፎቶ ቢሆን ትንሽ ሰማይ ቢጎድል አይታወቅም። ረቂቅ ምስል ላይ ግን ጠርዝ አጠገብ ያለች አንዲት ጥቁር ጭረት ሙሉውን ሚዛን የምትይዝ ልትሆን ትችላለች፤ እሷ ከታጠፈች ሥራው ሌላ ሥራ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሲታዘዝ ጠርዙ በመስታወት ነጸብራቅ መልክ ተባዝቶ ይታተም፣ ወይም ጎኑ ነጭ ይሁን ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። በቃል ማዘዝ በቂ አይደለም።

አቧራና ጭስ ደግሞ የኛ አገር ፈተና ናቸው። ቡና የሚቆላበትና ዕጣን በየቀኑ የሚጨስበት ሳሎን ውስጥ ጭሱ ስስ የቅባት ሽፋን ይተዋል፤ አቧራው እዚያ ላይ ይጣበቃል። መስታወት ቢሆን ይወለወላል። ቫርኒሽ ያልተቀባ ሸራ ግን አይወለወልም፤ እርጥብ ጨርቅ አቧራውን ወደ ሽመናው ያስገባዋል፣ ቀለሙንም ያደበዝዛል። ማጽጃው ንጹሕ፣ ደረቅና ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ነው፤ ከላይ ወደ ታች፣ በሁለት ሳምንት አንዴ። ዕጣን ማጨሻው ከሥሩ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ቢያንስ ከ2 ሜትር በላይ ይራቅ። የሸራውን ጀርባ በስስ አቡጀዲ መሸፈንም ይረዳል፤ አቧራ ከታችኛው እንጨትና ከሸራው መካከል እየገባ ሲከማች ከፊት ለፊት እንደ እብጠት ይታያልና።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ዋጋውን የሚያከብደው ይኼኛው ነው፤ ፍሬሙ፣ ፓስፓርቱው (በምስሉ ዙሪያ የሚገባው የካርቶን ክፈፍ) እና መስታወቱ ተደምረው ከሕትመቱ ራሱ ብዙ አያንሱም። ግን የሚገባው ዋጋ ነው ብለን እናምናለን። ወረቀቱ ማት (የማያብረቀርቅ)፣ መቶ በመቶ ጥጥ፣ በካሬ ሜትር 308 ግራም ነው። ቀለሙ ፒግመንት ነው፤ ማለትም ደቃቅ የቀለም ቅንጣቶች ወረቀቱ ላይ ይቀመጣሉ እንጂ እንደ ዳይ ቀለም ሟሙተው አይሰርጉም። ርካሽ ማተሚያዎች የሚጠቀሙት ዳይ በብርሃንም በአየር ውስጥ ባለ ኦዞንም ቶሎ ይሸሻል፤ መጀመሪያ የሚሄደው አንዱ ቀለም ብቻ ስለሆነ ምስሉ በእኩል አይደበዝዝም፣ ወደ ሌላ ቀለም ይዞራል። ረቂቅ ሥራ ያለው ሀብት ቀለም ሲሆን ይህ ከባድ ኪሣራ ነው።

የሕትመት ዕድሜ ጉዳይ በዚህ አካባቢ የቆየ ነው። ሐረር በንግድ ይኖር የነበረው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ካሜራ አስመጥቶ ያነሣቸውን የራሱን ፎቶዎች ለቤተሰቡ ሲልክ፣ ለማጠቢያ የተጠቀመበት ውኃ መጥፎ ስለነበር ምስሎቹ እንደነጡ ጽፎላቸዋል። ያን ጊዜ የሚያበላሸው የማጠቢያው ውኃ ነበር፤ አሁን ውኃ አያስፈልግም፤ ሕትመቱን የሚወስነው ቀለሙና ወረቀቱ ነው።

ማቱ ወረቀት አንድ ድክመት አለው፤ ጥቁር ቦታው በጣት ከተነካ ወይም ከተፋተገ ያብረቀርቃል፣ ምልክቱም አይለቅም። ከቱቦ ሲወጣ በጥጥ ጓንት ይያዝ። የቱቦው ስፋት ከ10 ሴ.ሜ. ካነሰ ወረቀቱ ክብ ሆኖ ይቀራል፤ 15 ቢሆን ይሻላል። ከወጣ በኋላ በንጹሕ ወረቀት ተሸፍኖ፣ ጠፍጣፋ ነገር ተጭኖበት አንድ ቀን ሙሉ ይረፍ።

ፍሬም ሠሪው ጋ የሚሠራው ስሕተት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ወረቀቱን አራቱንም ጎን በፕላስተር መለጠፍ። ጥጥ ወረቀት በክረምት እርጥበት ይስባል፣ ይሰፋል፤ በበጋ ይሰበሰባል። አራቱም ጎን ከታሰረ የሚሄድበት ስለሌለው ይሞገዳል፤ ሞገዱም በጎን ብርሃን ገኖ ይታያል። መሆን ያለበት ከላይኛው ጠርዝ ብቻ፣ በሁለት ነጥብ፣ በስስ ወረቀት ማንጠልጠያና ከስንዴ ስታርች በተሠራ ሙጫ መያዝ ነው፤ ሌላው ነጻ ይንጠልጠል። ስኮች በጥቂት ዓመታት ቢጫ ይሆናል፤ ማጣበቂያውም ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል። ከጀርባ ኤምዲኤፍ ወይም ቡናማ ካርቶን አይግባ፤ ሁለቱም አሲድ ይለቃሉ። አሲድ የሌለው ካርቶን ካልተገኘ በመካከል የአሉሚኒየም ፎይል ማንጠፍ አሲዱን ያግደዋል። ፓስፓርቱው በየጎኑ 8 ሴ.ሜ. ይሁን፤ ውፍረቱ ምስሉን ከመስታወቱ ያርቀዋል፤ ወረቀት መስታወት ከነካ በእርጥበት ተጣብቆ ይቀራል። ጀርባው ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ይታሸግ፤ አቧራውም ነፍሳቱም የሚገቡት በዚያ ነው።

መስታወት ወይስ አክሪሊክ? 76 በ106 ለሆነው ፍሬም 3 ሚ.ሜ. መስታወት ብቻውን 6 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በዚያው ውፍረት አክሪሊክ 3 ኪሎ አይሞላም። አክሪሊክ በሙቀት ይለጠጣል፤ የክፍሉ ሙቀት በ20 ዲግሪ ሲለዋወጥ 106 ሴ.ሜ. የሆነው ጎን 1.5 ሚ.ሜ. ያህል ይረዝማል። ስለዚህ ፍሬሙ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ. ክፍተት ይተውለት፤ ካልሆነ መሐሉ ይጎብጣል። አቧራ ይስባል፣ ቶሎ ይጫራል፤ አሞኒያ ወይም አልኮል ባለው የመስታወት ማጽጃ አይነካ። ለድሬዳዋ አቧራ መስታወትን እንመርጣለን። ዕቃው በመኪና ረጅም መንገድ የሚጓዝ ከሆነ ግን አክሪሊኩ ይሻላል፤ የተሰበረ መስታወት ሕትመቱንም ይቆርጠዋል።

ብርሃንን በተመለከተ ከውጭ የሚመጣ አንድ ምክር እዚህ አይሠራም። የሰሜን መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ አያስገባም ይባላል። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.6 ዲግሪ ላይ ስላለች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ ድረስ ፀሐይ በቀትርም ከራሳችን በላይ አልፋ በስተሰሜን ናት። በሰሜን መስኮት ጨረር የሚገባው በተለይ በዚያ ወቅት ነው። ሐረርም እንዲሁ። ሥራው የሚሰቀልበትን ግድግዳ በታኅሣሥ ብቻ አይቶ መወሰን አያዋጣም። ተራ መስታወት ጎጂውን ጨረር በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይከለክልም፤ ሙዚየሞች በቀላሉ ለሚጎዳ ወረቀት 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) የሚመድቡት በከንቱ አይደለም፤ ቀጥተኛ ፀሐይ በአስር ሺዎች ሉክስ ነው።

የማታ መብራት ደግሞ ሌላ ነው። በየሱቁ በብዛት ያለው 6500 ኬልቪን ነጭ ኤልኢዲ የዝገቱን ብርቱካናማ ገድሎ ግራጫ ያደርገዋል። አምፖሉን ሞቅ ያለ ብርሃን ወዳለው 3000 ኬልቪን፣ ሲአርአይው (ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያው) ከ90 በላይ ወደሆነ ሲቀይሩት ያው ሥራ ሙሉ በሙሉ ሌላ ነው። ከጣሪያ በ30 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ቢበራ መስታወቱ ላይ አይንጸባረቅም። ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ሌላ ፎቶ ከመጨመር ይቀድማል።

ከፍታም እንደ አቀማመጣችን ነው። ቆሞ ለሚያይ የሥራው መሐል ከወለል 145 እስከ 150 ሴ.ሜ. ይሁን ይባላል። መጅሊስ ወይም ፍራሽና መከዳ ባለበት ሳሎን ግን ተመልካቹ ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ፊት ለፊቱ ባለው ግድግዳ 115 እስከ 120 ይበቃል። ሰው ተደግፎ የሚቀመጥበት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ከሆነ የታችኛው ጠርዝ ከ110 አይውረድ፤ የፀጉር ቅባት ሸራ ላይ ካረፈ አይለቅም። የሐረር ባህላዊ ቤት ውስጥ፣ ከነደባው (ከመቀመጫው መደብ) በላይ ሙዳዩና ሣሕኑ ግድግዳውን ሞልቶት እያለ፣ ትልቅ ረቂቅ ፎቶ ባይሰቀል እንመርጣለን። ያ ግድግዳ ራሱ የተሟላ ሥራ ነው፤ ሁለቱም ይጎዳሉ። ወደ መግቢያው ወይም ወደ ሌላ ክፍል ይሂድ።

የብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ባዶ ስለሆነ አጭር ፊሸር ይሽከረከራል፤ 8 ሚ.ሜ. ረዘም ያለ ይሁን፣ ሁለት ቦታ ይበሳ፣ በውኃ ልክ ይታይ። ድሬዳዋ ቀዚራ ሰፈር ባሉ አሮጌ የድንጋይ ቤቶች ድንጋዩን እንጂ መጋጠሚያውን አትብሱ። ከፍሬሙ ጀርባ ታች በሁለቱ ማዕዘን ቁራጭ ቡሽ ቢለጠፍ አየር ያልፋል፤ በተለይ የሐረር ወፍራም ግድግዳ በክረምት ይረጥባል።

ምስሉን ስለ መምረጥ፦ በወራት የማይሰለቸው ከቅርብም ከሩቅም የሚታይ ነገር ያለው ነው። ፉርጎው ከ4 ሜትር ትልቅ የቀለም ክፍፍል ነው፤ ከአንድ ክንድ ርቀት የቀለሙ ቅርፊትና የብሎኑ ጥላ ይወጣሉ። የአሸዋው ምስል ያማረ ቢሆንም ከሩቅ አንድ ወጥ ነው፤ በትልቁ ቢታተም ይከብዳል፣ 50 በ75 ልኩ ነው። «ይኼ ምንድን ነው?» የሚል እንግዳ አይጠፋም። ጥያቄው መልካም ነው፤ ሰው ቆሞ እንዲያይ ያደርጋል። ፎቶግራፍ አንሺው አልቪን ላንግዶን ኮበርን በ1917 እ.ኤ.አ. በመልክ ማያ መስታወት ቁርጥራጮች ምስሉን እየሰባበረ ፎቶ ሲያነሣ ያን ጥያቄ ሆን ብሎ ከፍቶታል።

ፋይሉንም ጠይቁ። 60 በ90 በኢንች 200 ነጥብ እንዲታተም 4724 በ7087 ፒክስል፣ ማለትም 33 ሜጋፒክስል ያህል ያስፈልጋል። የ12 ሜጋፒክስል ስልክ ፎቶ በዚህ መጠን በኢንች 113 ነጥብ ገደማ ይደርሳል። ለደበዘዘ፣ ለስላሳ ምስል ይበቃ ይሆናል፤ ለዝገትና ለተላላጠ ቅብ አይበቃም፤ ቅርፊቱ እንደተቀባ ጭቃ ይሆናል። ሙሉ ሥራው ከመታተሙ በፊት 20 በ30 የሚሆን ቁራጭ በትክክለኛው መጠን አሳትሞ የሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ ጥቂት ቀን ማየት ርካሽ ዋስትና ነው።

ከሥራው ጋር የሚመጣው ማረጋገጫ ርእሱን፣ የተነሣበትንና የታተመበትን ዓመት፣ መጠኑን፣ የወረቀቱንና የቀለሙን ዓይነት፣ የኮፒውን ቁጥርና ፊርማውን ይያዝ። 3/10 ማለት ከአሥር ሦስተኛው ነው፤ ያው ምስል በሌላ መጠን ሌላ አሥር እንዳለው ግን በጽሑፍ ይጠየቅ። የአሸዋው ሥራ ቁጥር ስላለው ዝም ብሎ ሌላ አይታተምም፤ የተበላሸው ለፎቶግራፍ አንሺው ተመልሶ ይወገድና ያው ቁጥር በአዲስ ሕትመት ይተካል። አዲሱ ትእዛዝ 3 ሚ.ሜ. አሉኮቦንድ፣ ፒግመንት ቀለም፣ ማት ላሚኔት፣ ከጀርባ ከጠርዙ 10 ሴ.ሜ. ገባ ያለ የአሉሚኒየም ማንጠልጠያ ነው።