የሳንድዊች መጥበሻዬ ከስድስት ወር በኋላ

የደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ልጆቼ ትኩስ ነገር ሳይቀምሱ ትምህርት ቤት ከሄዱ ልቤ አያርፍም። ሁለት ሳንድዊች የምትይዝ የኤሌክትሪክ መጥበሻ የገዛሁትም ለዚሁ ነው።

በጣም ወድጃታለሁ። እቤት የምጋግረውን ያልተነፋ የስንዴ ዳቦ ስስ አድርጌ እቆርጣለሁ። እንቁላሉን ማታ ቀቅዬ አሳድራለሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ነው የሚፈላው፤ እንቁላል ቶሎ አይበስልም። ጠዋት ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ከተፍ ከተፍ አድርጌ፣ ጨው ነስነስ፣ ዳቦው መሀል ከትቼ ክድን! 4 ደቂቃ ይበቃል። ዘይት ጠብ አላደርግም፤ ዳቦው ግን ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኖ ኮሽ ኮሽ ይላል። ትንሿ ልጄ መጀመሪያ የምትበላው ያንን ጠርዙን ነው።

ረቡዕና ዓርብ አቮካዶ ነው። ዳቦውን ብቻ አሙቄ ኋላ እቀባዋለሁ፤ አቮካዶ ሲጠበስ ይመርራል።

ቅር ያለኝ ሁለት ነገር ነው። ገመዷ አጭር ነው፣ ከማብሰያ ጠረጴዛዬ ሶኬቱ ጋ አይደርስም። መጥበሻ ሳህኗም አይነቀልም፤ አይብ የፈሰሰባት ቀን በእርጥብ ጨርቅ ስፈትግ እውላለሁ። የምትገዙ ካላችሁ ሳህኑ የሚወጣውን ጠይቁ።