ድፍርስ ሐይቅን በብርሃን ጠባዩ ለመለየት የቱን መሣሪያ እንግዛ? ሴኪ ዲስክ፣ ተርቢዲቲ ሜትር፣ ስፔክትሮራዲዮሜትር እና ሳተላይት

በአዲስ አበባ ዳርቻ ያሉት የግድብ ሐይቆች ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም ድፍርስ ናቸው፤ የድፍርስነታቸው ምክንያት ግን አንድ አይደለም። ለገዳዲን የሚያደፈርሰው በዋናነት በዝናብ ታጥቦ የሚገባው ደቃቅ የሸክላ አፈር ሲሆን ይህ አፈር ብርሃንን ይበትናል። አባ ሳሙኤል በበኩሉ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ የሚመጣውን የአቃቂን ወንዝ ስለሚቀበል አልጌ (በውሃ ውስጥ የሚራባ ደቃቅ አረንጓዴ ሕይወት) እና እምቦጭ ይበረታበታል። ሦስተኛው ዓይነት የበሰበሰ ሣርና ቅጠል ሟሙቶበት እንደ ሻይ የጠቆረ ውሃ ነው፤ እርሱ ብርሃኑን ይመጥጣል እንጂ እምብዛም አይበትንም። ስለዚህ መሣሪያ ለመግዛት ያሰበ ማኅበር ወይም ትምህርት ቤት ከዋጋው በፊት ሊጠይቅ የሚገባው፣ መሣሪያው እነዚህን ሦስቱን ይለይልኛል ወይ የሚለውን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1865 ጣሊያናዊው ካህንና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጀሎ ሴኪ የሞከረው ዲስክ እስከ ዛሬ ከሚገዙት ሁሉ ርካሹ ነው፤ በገመድ ወደ ውሃው ይወርድና ከዓይን የሚጠፋበት ጥልቀት ይለካል። ለሐይቅ የሚሠራበት ዲስክ 20 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ በአራት ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሲሆን ማንኛውም ብየዳ ቤት ከቆርቆሮ ቆርጦ ሊሠራው ይችላል። አባ ሳሙኤል ላይ ወንዙ በሚገባበት በኩል ዲስኩን ስናወርድ 25 ሴንቲሜትር ላይ ጠፋ፤ ወደ ግድቡ ተጠግተን ስንደግመውም እዚያው 25 ላይ ጠፋ። ልዩነቱን የነገረን ከመጥፋቱ በፊት ነጩ ሩብ የያዘው ቀለም ነበር፦ በመጀመሪያው ቦታ እንደ ጠላ አተላ ደፈረሰ፣ በሁለተኛው እንደ ጎመን ቅቅል ውሃ አረንጓዴ ሆነ። ስለዚህ ዲስኩን የሚገዛ ሰው ጥልቀቱን ብቻ ሳይሆን ቀለሙንም ይመዝግብ። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀው ፎሬል-ኡሌ የሚባለው ባለ 21 ቀለም መለኪያ ዲስኩ ከጠፋበት ጥልቀት ግማሽ ላይ ተይዞ ይነበባል፤ ከሰማያዊ ተነሥቶ ቡናማ ላይ ስለሚያበቃ ግን የእኛ ውሃዎች ወደ መጨረሻዎቹ ጥቂት ቁጥሮች ይታጨቃሉ።

ተርቢዲቲ ሜትር (የድፍርስነት መለኪያ) በብልቃጥ የተቀዳ ናሙና ውስጥ ብርሃን ልኮ በ90 ዲግሪ የተበተነውን ይለካል። ፈጣን ነው፣ ቁጥሩም በሰው ዓይን ላይ አይመሠረትም፤ ሆኖም አፈርም ይሁን አልጌ ብርሃኑን እኩል ከበተነለት አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣል። ነጭ አምፖል ያለው ሜትር በጠቆረ ውሃ ውስጥ ብርሃኑ ስለሚመጠጥበት ዝቅ አድርጎ ሊያነብ ስለሚችል፣ ለእኛ አካባቢ በ860 ናኖሜትር (ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) ገደማ ኢንፍራሬድ የተባለውን ዓይን የማያየውን ብርሃን የሚጠቀመውን እመርጣለሁ። እኛ የመጀመሪያውን ስንገዛ ሻጩ ፎርማዚን የተባለውን የማስተካከያ ፈሳሽ አብሮ አልሰጠንም፤ እኛም አልጠየቅንም። በዚህ ምክንያት የአንድ ክረምት ንባባችን በሙሉ ከሌላ ጋር ሊነጻጸር የማይችል ሆኖ ቀረ፤ ያ ድካም ዛሬም ይቆጨኛል።

እውነተኛውን ልየታ የሚያደርገው ከውሃው የሚመለሰውን ብርሃን በየሞገድ ርዝመቱ ለይቶ የሚለካው ስፔክትሮራዲዮሜትር ነው። የአልጌ አረንጓዴ ቀለም የሆነው ክሎሮፊል በ675 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይመጥጣል፤ አልጌ የበዛበት ድፍርስ ውሃ ደግሞ በ705 ናኖሜትር አካባቢ ጉልህ ከፍታ ያሳያል። አፈር ያደፈረሰው ውሃ ቀዩን የብርሃን ክፍል በጠቅላላ ከፍ ያደርጋል፣ የሟሟ ብስባሽ ግን ሰማያዊውን ያጨልማል። አልጌ የሚመስለውና መርዛማ ሊሆን የሚችለው ባክቴሪያ፣ ሳያኖባክቴሪያም፣ በ620 ናኖሜትር አካባቢ ይታወቃል። ዋጋው ግን ከሌሎቹ ድምር ይበልጣል፣ የሠለጠነ እጅም ይፈልጋል፦ ለኪው ከፀሐይ አቅጣጫ በ135 ዲግሪ ዞሮ፣ መሣሪያውን ከቁም መስመር በ40 ዲግሪ አዘንብሎ ውሃውን፣ ሰማዩንና ነጭ ማነጻጸሪያ ሰሌዳውን በየተራ ማንበብ አለበት።

የሳተላይት ምስልን ማንም በነጻ ያገኛል። ሴንቲኔል-2 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት በ665 እና በ705 ናኖሜትር ስለሚያነብ አልጌን ከአፈር ለመለየት ይረዳል፤ የ20 ሜትር ፒክስሉም (የምስሉ ትንሿ ነጥብ) ለእነዚህ ጠባብ ሐይቆች ይበቃል። ሳያኖባክቴሪያን የሚያሳየው የ620 ናኖሜትር ባንድ (የሞገድ ክልል) ያለው ሴንቲኔል-3 በተባለው ሌላ ሳተላይት ላይ ሲሆን የእርሱ ፒክስል 300 ሜትር በመሆኑ ዳሩን ከውሃው ይቀላቅልብናል። ዋናው ችግር አፈሩ በሚገባበት በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ በደመና መሸፈኑ ነው።

ለትምህርት ቤት ዲስኩና የቀለም መለኪያው ከሳተላይት ምስል ጋር ይበቃሉ ብዬ አምናለሁ። ሜትር የሚያስፈልገው በየዕለቱ ቁጥር ለሚከታተል ውሃ አጣሪ ነው፤ ስፔክትሮራዲዮሜትር ደግሞ ቋሚ ባለሙያ ላለው ተቋም ካልሆነ አይመከርም። ሜትር ለመግዛት የሚሄድ ሰው ግን ድፍርስ ውሃ፣ ንጹሕ ውሃና የተጠለለ ቀዝቃዛ ሻይ ይዞ ይሂድ። ድፍርሱን ለሁለት ከፍሎ በአንዱ ሻይ፣ በሌላው እኩል መጠን ንጹሕ ውሃ ይጨምርና ሻጩ ፊት ያስለካ፤ ሻይ የገባበት በግልጽ ዝቅ ብሎ ከተነበበ ያ ሜትር ለጠቆረ ውሃ አይሆንም።