የዓባይን ልጅ ውሃ ያስጠማው ማጣሪያ

ሻጩ «ዕድሜ ልክህን ይበቃሃል» ነበር ያለኝ። በጋውን ሙሉ አምኜው ከረምኩ። ሐምሌ ገብቶ የጨሞጋ ወንዝ ሲደፈርስ ግን ያ ዕድሜ ልክ የተባለ የውሃ ማጣሪያ አንዲት ሃይላንድ ሳይሞላ ቀጥ አለ።

ለማያውቀኝ ሰው፣ ማር እየዞርኩ እገዛለሁ። የሚኒባሴን የኋላ ወንበር አውጥቼ አልጋ፣ ቡታጋዝና ጄሪካን አስገብቻለሁ። ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ የመሸብኝ ቦታ አድራለሁ። ጓደኞቼ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እያሉ ይተርቡኛል። ይተርቡ። እኔ ለአልጋ አልከፍል፣ ለትኋን አልዳረግ። ችግሬ የሚጠጣ ውሃ ነበር። የታሸገውን በየቀኑ መግዛት ኪስ ያራቁታል፤ ሁሉን ማፍላት ደግሞ ጋዝ ይጨርሳል።

ማጣሪያው በመዳፍ ይያዛል። ውስጡ ክፍት የሆኑ ቀጫጭን ክሮች ታጭቀውበታል። የክሮቹ ግድግዳ ቀዳዳ 0.1 ማይክሮን ነው (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። የታይፎይድና የኮሌራ ባክቴሪያ አያልፍበትም። አሜባና ጃርዲያማ ከዚያ በብዙ ስለሚበልጡ አይታሰቡም። አብሮት በሚመጣው ከረጢት ትቀዳላችሁ፣ ማጣሪያውን አፉ ላይ ታጠብቃላችሁ፣ ትጨምቃላችሁ። የሃይላንድ አፍ ላይም ልክክ ብሎ ይገጥማል። ከጎለበተ ምንጭም ከቦኖም እየቀዳሁ ስጠጣ ከረምኩ፤ ሆዴም ደህና ነበር። ስለ በጋው ይኸው ነው።

ክረምት ሲመጣ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ወንዝ ሁሉ አፈር ተሸክሞ ነው የሚደርሰው። ጨሞጋ በሉት፣ ተምጫ በሉት፣ ብር በሉት፣ የሁሉም መልክ አንድ ይሆናል። ያ ደቃቅ ጭቃ ክሮቹ ላይ ይለጠፋል። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ይቀጥናል። ቀጥሎ ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ እጄ እስኪዝል ብጨምቀው ምንም የለም። ውሃ ሊቀዱ የመጡ አንዲት እናት ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ኧረ ልጄ፣ ይቺ ላምህ እኮ ነጥፋለች» አሉኝ። ከሻጩ ይልቅ እሳቸው ዕቃውን አውቀውታል።

ማጠቢያ አለው። አብሮት በሚመጣው ትልቅ ስሪንጅ ንጹህ ውሃ ሞልቶ ከመውጫው በኩል ወደ ኋላ መግፋት ነው። መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ አውራ ጣት እስኪቀላ ትገፋላችሁ። ከዚያ በድንገት ይለቅና ቡናማ ውሃ ፊን ብሎ ይወጣል፣ ሱሪ ላይ ጭምር። እስኪጠራ መደጋገም ነው።

ግን ንጹህ ውሃው ከየት ይምጣ? ማጣሪያውን ለማጠብ የተጣራ ውሃ ያስፈልጋል። የተጣራ ውሃ ለማግኘት ደግሞ የታጠበ ማጣሪያ። ወንድሜ ሻጩ፣ ይቺን መቼ ልትነግረኝ ነበር? «ውሃው ጥሩ ከሆነ እኮ አይደፈንም» ትለኝ ይሆናል። ውሃው ጥሩ ቢሆንማ አንተ ሱቅ ምን አመጣኝ!

ደግሞ «ሁሉንም ያስቀራል» ብለኸኛል። ቫይረስ አያስቀርም። ጉበት የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ኤ 0.03 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ ዘና ብሎ ያልፋል። እርሻ ላይ የሚረጨው ጸረ ተባይም እንደዚያው። ስለዚህ ከመንደር በታች ከቀዳሁ፣ ካጣራሁ በኋላ ውሃ አጋር የሚባለውን የክሎሪን ማከሚያ ጨምሬ ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ። ወይም አፈላለሁ። ደብረ ማርቆስ ከፍታው ከ2,400 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ተህዋሲያኑን ለመግደል ይበቃል። ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ሦስት ደቂቃ እንዲንተከተክ ይመከራል። ጸረ ተባዩን ግን ማፍላትም አይነካው፤ እርሻ ሥር አለመቅዳት ነው።

ክረምቱን የምወጣው እንዲህ ነው። ማታ ጄሪካኑን ሞልቼ አስቀምጣለሁ። ጠዋት ሞተር ሳላስነሳ የላይ የላዩን ቀድቼ አራት በታጠፈ ነጠላ አጠልላለሁ። መኪናው ከተነቃነቀ የሌሊቱ ዝቃጭ ሁሉ መልሶ ይደፈርሳል። በጣም የባሰ ከሆነ ቢሻን ጋሪ የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ዱቄት እጨምርበታለሁ፤ ጭቃውን አጓጉሎ ታች ያወርደዋል። ማጣሪያው የሚነካው ከዚያ ወዲያ ነው። ጠበል ግን አላጣራም፤ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ላይ ያንን ከረጢት ማውጣት ሼም ነው።

ጮቄ አካባቢ ለምታድሩ አንድ ነገር ልጨምር። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ አለ። እርጥብ ማጣሪያ ውስጡ በረዶ ከሠራ ክሮቹ ይሰነጠቃሉ። ከውጭ ምንም አይታይም፣ ውሃም ይወርዳል፣ ማጣራቱ ግን ቀርቷል። መመሪያው በደቃቅ ፊደል «ጣለው» ይላል። ስለዚህ ብርድ ልብሴ ውስጥ ይዤው ነው የምተኛው። ባለቤቴ ስትሰማ ምን እንዳለች አልጽፈውም።

ልግዛ ወይ ለምትሉኝ፣ ለበጋ ግዙ። ለክረምት ብቻውን አትመኑት፤ ጄሪካን፣ ነጠላና ትዕግሥት አብራችሁ ያዙ። ባለፈው ቡሬ ላይ አንድ የአይሱዙ ሾፌር «በገዛህበት ሽጥልኝ» አለኝ። መስከረም ጠብቶ ምንጩ ሁሉ ኩልል ብሎ ስለነበር አልሸጥኩለትም። ነሐሴ ላይ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ከነስሪንጁ በግማሽ ዋጋ ይወስደው ነበር።